ጥርኝ ውሃና ሺህ ጣት

ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የወሰድኩት እንግዳ የበላኤ ሰብእን ሥዕል ሳያይ አይመለስም። ቢቸኩልም አቆመዋለሁ። ከጀልባ ወርዶ፣ በቡናው ጫካ መሐል ዳገቱን እያለከለከ ወጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ ከገባ በኋላ ያንን ሳያይ ከሄደ ምኑን መጣው?

ታሪኩን የእኛ ሰው ያውቀዋል። የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረት ሲነገር ያልሰማ የለም። ሰውዬው 78 ሰው በልቷል። ቤተሰቡንም አልማረም። አንድ ቀን ቁስለኛ ደሃ ውሃ ጠምቶት መንገድ ላይ ያገኘዋል። ደሃው በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው እምቢ አለ። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ራራና ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ሞተና ነፍሱ ለሚዛን ቀረበች። በአንድ ወገን 78 ነፍስ፣ በሌላ ወገን ያቺ ጥርኝ ውሃ። እመቤታችን ጥላዋን ጣለችባት፤ ውሃዋ ደፋች። ተማረ።

ይህን ስተርክ ፈረንጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ይስቃሉ። አንዳንዱ ይናደዳል። አንድ ጡረታ የወጣ ጠበቃ «ይሄ ፍርድ ይግባኝ ይጠየቅበታል» ብሎኝ ያውቃል። ቲፑ ግን ጥሩ ነበር።

የማልረሳቸው ከስሪላንካ የመጡ አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው አዲስ አበባ ለስብሰባ መጥቶ እግረ መንገዱን ይዟቸው የዞረ ነው። ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ከሩቅ ላያቸው ቁልቢ የሚሄዱ እንጂ ቡድሂስት አይመስሉም። ሥዕሉን ሳይስቁ አዩት። ከዚያ «እኛም አለን» አሉኝ።

«ምን አላችሁ?»

«እንዲህ ያለ ሰው።»

ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ ጀልባው ላይ ሙሉ ታሪኩን አወሩልኝ። አንጉሊማላ ይባላል። ጎበዝ ተማሪ ነበር። ጓደኞቹ ቀኑበትና ከመምህሩ አጣሉት። መምህሩ ሊያጠፋው ፈልጎ «ለአስተማርኩህ ክፍያ የሺህ ሰው ጣት አምጣ» አለው። ልጁ ጫካ ገባ። ሰው እየገደለ ጣት እየቆረጠ በክር ሰክቶ አንገቱ ላይ አሰረ። መንደሮች ባዶ ቀሩ። 999 ደረሰ። አንድ ሲቀረው እናቱ ልታስጠነቅቀው መጣች። እሷን ሊገድል ሲል ቡድሃ መሐል ገባ። አንጉሊማላ እናቱን ትቶ እሱን ማባረር ጀመረ። ቡድሃ ቀስ ብሎ ይራመዳል። ይሄኛው ባለ በሌለ ኃይሉ ይሮጣል፤ ግን አይደርስበትም። ሲደክመው «ቁም!» ብሎ ጮኸ። ቡድሃም «እኔማ ቆሜያለሁ፤ አንተ ነህ ያልቆምከው» አለው። መሣሪያውን ወረወረና መነኮሰ።

እስከዚህ ድረስ ከእኛው ብዙም አይርቅም። የኔን ጆሮ ያቆመው ቀጥሎ ያለው ነው።

የኮሳላው ንጉሥ ፓሴናዲ 500 ፈረሰኛ አስከትሎ ሊይዘው ወጥቶ ነበር። መንገዱን ቡድሃ ዘንድ ጎራ ሲል አንድ ራሱን የተላጨ መነኩሴ ተቀምጧል። «የምትፈልገው ሰው ይኸውልህ» ተባለ። ንጉሡ ደነገጠ። ቀጥሎ ማረው፤ እንዲያውም ልብስና ምግብ ላቅርብልህ አለው። ቤተ መንግሥት ማረ፣ ቡድሃ ማረ። የመንደሩ ሰው ግን አልማረም። መነኩሴው ጠዋት ጠዋት ምግብ ሊለምን ሲወጣ አንዱ ድንጋይ፣ ሌላው ዱላ፣ ሌላው የአፈር ጓል ይወረውርበታል። ራሱ ተፈንክቶ፣ መለመኛ ሳህኑ ተሰብሮ፣ ልብሱ ተቀዶ ይመለሳል። ቡድሃ አላባበለውም። «ቻለው» አለው። «ሲኦል ውስጥ ስንት ሺህ ዓመት የምትቀጣበትን እዚሁ እየተቀጣህ ነው።»

ሴትዮዋ ሌላም ጨመሩልኝ። ያው አንጉሊማላ አንድ ቀን ምጥ የጠናባት ሴት አይቶ አዘነ። ቡድሃ ሄደህ መርቃት አለው። «ከመነኮስኩ ጀምሮ አውቄ ነፍስ አላጠፋሁም፤ በዚህ እውነት ይቅለልሽ» አላት፤ ተገላገለች። በስሪላንካ እስከ ዛሬ ድረስ ለነፍሰ ጡር ያ ቃል ይደገማል። «ይሄን ልጅ ሳረግዝ ለእኔም ተደግሞልኛል» ብለው ወደ ልጃቸው ጠቆሙ። ልጁ አፈረ። የእኛ እናቶች ምጥ ሲመጣ «ማርያም ማርያም» ነው የሚሉት። እነሱ ዘንድ ደግሞ የሚጠራው 999 ሰው የገደለው ነው። እስቲ ይህን አስቡት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ቡድሃ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ጊዜ በሽ ነው። ከኮሮና ወዲህ፣ በላዩ ላይ ጦርነቱ ሲጨመርበት፣ እንግዳ እንደ ድሮው አይመጣም። ጀልባ መነሻው አጠገብ ቁጭ ብዬ ስልኬን እጎረጉራለሁ። ጓደኞቼ «መነኩሴው» ይሉኛል። አንድ ዲያቆን ወዳጄ ከልቡ ተጨንቆ «አንተ ልጅ፣ ጣዖት ልታመልክ ነው?» ብሎኛል። ማተቤን አልበጠስኩም። ለእሱም የነገርኩት ይህን ነው፤ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ እኛ ቤት ከገባ ቆይቷል። አባቱ ክፉ ነገር እንዳያይ ቤተ መንግሥት ውስጥ የዘጋበት፣ አንድ ቀን ወጥቶ በሽተኛና ሽማግሌ አይቶ ዓለምን የናቀው ልዑል፣ ከሀገር ሀገር እየተተረከ፣ ክርስቲያን ሆኖ፣ በዐረብኛ በኩል ግእዝ ደርሷል። በረላም ወይዋስፍ የሚባለው መጽሐፍ ነው። የመለሱት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ናቸው፤ ጊዜው የአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ነው። ዲያቆኑ አላመነኝም። ሊያጣራ ሄዶ በሳምንቱ ቡና ጋበዘኝ።

አሁን ወደ ታዋቂዎቹ ልምጣ።

ታይገር ዉድስን የማያውቅ ካለ፣ የጎልፍ ንጉሥ የነበረ ሰው ነው። እናቱ ታይላንዳዊት ቡድሂስት ነበረች። በፈረንጆቹ 2009 መጨረሻ ላይ በትዳሩ ላይ ሲማግጥ እንደኖረ ታወቀና ዓለም ጉድ አለ። በ2010 መጀመሪያ ብሪት ሂዩም የሚባል የፎክስ ኒውስ ሰው በቴሌቪዥን ቀርቦ መከረው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ ቡድሂዝም እንደ ክርስትና ያለ ይቅርታና መዳን የለውም፤ ስለዚህ ወደ ክርስትና ና። በዚያው ዓመት የካቲት ውስጥ ታይገር ካሜራ ፊት ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። በቡድሃ እምነት እንዳደገ፣ ከዚያ መንገድ እንደወጣ፣ አሁን ሊመለስ እንደሚፈልግ ተናገረ። ከራስ ውጭ ያለን ነገር መመኘት መጨረሻው ደስታ ማጣት ነው፣ ያሳደገኝ ትምህርት ይህ ነው አለ።

ሂዩምን በግማሽ እረዳዋለሁ። እኔም ያደግኩት ጥላዋን በምትጥል እናት ሥር ነው። የቡድሃ ትምህርት ውስጥ ፈጣሪ ዳኛ የለም። ሚዛኑን የሚይዝ መልአክ የለም። ማን ይምርሃል? ግን አንጉሊማላን የሰማ ሰው «እዚያ ይቅርታ የለም» አይልም። ይቅርታው አለ። ድንጋዩም አለ። አንዱ ሌላውን አያስቀረውም። እኔን የማረከኝ ይኼው ነው።

የእኛንም ላንሳ፣ ታውቁታላችሁ። ቴዲ አፍሮ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ታሰረ። ሰው ገጭቶ ገድሎ አምልጧል ተብሎ ነው። እሱ አላደረግኩም አለ። በ2001 ዓ.ም. 6 ዓመት ተፈረደበት፣ ቅጣቱ ወደ 2 ዓመት ዝቅ አለለት፣ ነሐሴ ላይ ተፈታ። ያኔ ባሕር ዳር ውስጥ ዘፈኑን ያልከፈተ ሱቅ አልነበረም። «ጉዳዩ ፖለቲካ ነው» የሚለው ብዙ ነበር። «ሕግ ለሁሉም እኩል ነው» የሚል ደግሞ በዝግታ ይናገር ነበር፣ ዱላ እንዳያስነሳበት። እኔም ዘፈኖቹን በቃሌ የምወጣ ሰው ነኝና ገለልተኛ ነበርኩ ብል ማንም አያምነኝም። ዛሬ ያንን ፍርድ እንደገና ልፈርድ አልነሳሁም። የማስታውሰው ሌላ ነገር ነው። የሞተው ጎዳና ላይ የሚያድር ወጣት ነበር። በዚያ ሁሉ ክርክር፣ በዚያ ሁሉ ቡናና ቢራ፣ የልጁን ስም ጠርቶ ያወራ ሰው አልገጠመኝም። የዘፋኙ ወዳጅም ጠላትም የሚያወራው ስለ ዘፋኙ ነው።

አሜሪካም ብትሄዱ ያው ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች የነበረው ኦ ጄ ሲምፕሰን በፈረንጆቹ 1995 የቀድሞ ሚስቱንና አንድ ወጣትን ገድሏል ተብሎ ተከሶ ነጻ ወጣ። በ1997 በፍትሐ ብሔር ችሎት ተጠያቂ ተብሎ 33.5 ሚሊዮን ዶላር ክፈል ተባለ። በ2008 ደግሞ ላስ ቬጋስ ውስጥ በሌላ ጉዳይ፣ በዘረፋና በእገታ ጥፋተኛ ሆነና እስከ 33 ዓመት ተፈረደበት። የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰማው ኦክቶበር 3 ነው፤ ነጻ ከተባለበት ቀን ልክ በ13ኛ ዓመቱ። በ2017 በአመክሮ ወጣ፣ በ2024 ሞተ። ያን ጊዜም አሁንም የሰው አስተያየት አንድ ቃል ነው፦ ካርማ፤ የእጁን አገኘ ለማለት።

እኔ ይህን ቃል እንዲህ ሲወረወር አልወደውም። የሚገርመው ሴትዮዋም አይወዱትም። ጀልባው ላይ ጠይቄያቸው ነበር። «ካርማ ካለ፣ ጎዳና ላይ የሚያድረው፣ መኪና የገጨው ልጅ የእጁን አገኘ ልትሉኝ ነው?» አልኳቸው። ትንሽ ጠንከር ብዬ ነው የጠየቅኩት፤ ልጃቸው ቀና ብሎ አየኝ። እሳቸው አልተቆጡም። ቡድሃ ራሱ ተጠይቆ በሰው ላይ የሚደርሰው ሁሉ ካለፈ ሥራው አይደለም ብሏል አሉኝ። በሐሞት ይታመማል፣ በአክታ ይታመማል፣ ወቅት ሲለዋወጥ ይታመማል፣ ድንገት አደጋ ይደርስበታል። ሁሉም የጥንት ሥራው ነው የሚል ተሳስቷል። ካርማ ማለት አውቀህ የምታደርገው ነው እንጂ ጎረቤትህ ሲወድቅ የምትፈርድበት አይደለም አሉ። ኋላ ስፈልገው እውነትም ተጽፎ አገኘሁት። ቢሆንም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። በሌላ ቦታ ደግሞ ደሃ ሆኖ መወለድም ካለፈ ሕይወት ጋር ይያያዛል ይላሉ። ይህን ለአንድ አካል ጉዳተኛ ፊት ለፊት መናገር የምችል አይመስለኝም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ማንበብ አንድ ነገር ነው። እድር ላይ መቀመጥ ሌላ ነው።

ባለፈው ዓመት ሰፈራችን አንድ ሰው ተመለሰ። ከብዙ ዓመት በፊት በጠብ ሰው ገድሎ ታስሮ ነበር። ፍርዱን ጨርሶ ወጣ። እናቱ ቤት ገባ። ጠዋት ወጥቶ ይሠራል፣ ማታ ይገባል፣ ከማንም አይደርስም። እናቱ ሲደክሙ እድሩን በስሜ ላዙረው ብሎ አመለከተ። በአንድ ገጽ ወረቀት፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ።

ጉዳዩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ቀረበ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ የእድሩ ድንኳንና ድስት የሚቀመጥበት ግቢ ውስጥ። ያን ዕለት የሰማሁትን ብጽፍ አያልቅም። ለቴዲ «ይፈታ!» እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ የጮኸ ሰው አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ተነሥቶ «ነፍሰ ገዳይ አናስገባም» ያለው እሱ ነው። ቲክቶክ ላይ ታዋቂ ሰው በተከሰሰ ቁጥር «ይሰቀል» ብላ የምትጽፍ ልጅ ደግሞ «ቅጣቱን ጨርሷል እኮ፣ ስንት ጊዜ ይቀጣ?» አለች። ነገሩ እንዲህ ነው። ዘፋኝን ብትምረው ወይ ብትኮንነው ምንም አይነካህም። ድንኳን አብሮህ አይተክልም። ይሄኛው ግን ነገ አባትህ ሲሞት አልጋውን በአንድ ጫፍ የሚይዝ ሰው ነው።

ሽማግሌዎቹ ደሙ ደርቋል አሉ። እውነት ነው። ያኔ ገና እስር ቤት እያለ የእሱ ወገኖች ሽማግሌ ልከው፣ ድንጋይ ተሸክመው፣ ካሳ ከፍለው ከሟች አባት ጋር ታርቀዋል። ተመርቆበታል፣ ተበልቶበታል። «የደረቀ ደም አይቀሰቀስም» አሉ አንድ አባት፣ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

አንድ ያልታሰበ ነገር ነበር። የሟች እህት የእድሩ አባል ነች። ሐይቁ ዳር ዓሳ ጠብሳ የምትሸጥ፣ መዋጮ አሳልፋ የማታውቅ ሴት ናት። ከኋላ ተቀምጣለች። ሊቀመንበሩ ሊያስመርጡ እጅ ሲያስነሡ ቆመች።

«ጋሼ፣ እርቁ የተደረገው ከአባቴ ጋር ነው» አለች። «እኔን የጠየቀኝ የለም።»

ግቢው ጸጥ አለ። እውነቷን ነው። ደም ሲደርቅ የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው። እናትና እህት ጓዳ ሆነው እንጀራ ያቀርባሉ። የዑራው ሥዕል ወዲያው መጣብኝ። ሚዛኑ ላይ 78ቱ ነፍሶች አሉ፤ ዘመዶቻቸው ግን የትም የሉም። ድንጋይ የሚወረውሩት የአንጉሊማላ መንደርተኞች ቢያንስ ታሪኩ ውስጥ አሉ። ክፉ ሰዎች አይባሉም። ድንጋዩን አቁሙ ብሎ የገሠጻቸውም የለም። ስሪላንካዊቷ ሴትዮ ያን ሲተርኩልኝ ስለ ድንጋዩ ብዙም አላሰብኩም ነበር። እድሩ ግቢ ውስጥ ነው የገባኝ፤ ድንጋይ የሚወረውረው ሰው ወንድሙ የሞተበት ነው።

«ታዲያ ምን ይሁን ትያለሽ፣ ልጄ?» አሏት ሊቀመንበሩ። ድምፃቸው ለስልሷል።

ትንሽ ዝም አለች። የሰውየውን እናት ነበር የምታየው። አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ጥግ ተቀምጠዋል።

ቡድሂስቶች ስለ አንዲት ልጇ የሞተባት ሴት ያወራሉ፣ ኪሳ ጎታሚ ስለምትባል። ልጄን አድንልኝ ብላ ቡድሃ ዘንድ ስትሄድ፣ ሞት ካልገባበት ቤት ጥቂት ሰናፍጭ ለምነሽ አምጪ አላት። ቤት ለቤት ዞረች። ሰናፍጩ የሌለበት ቤት የለም፤ ሞት ያልገባበት ቤትም የለም። ይህን ታሪክ ፈረንጆች በጣም ይወዱታል፣ በየድረ ገጹ አለ። ለእኛ አዲስ አይደለም። እድር ያለው ሰው ያንን ሲወለድ ጀምሮ ያውቀዋል፣ ጡሩምባ ሲነፋ የሚሰማ ሁሉ። የሟች እህትና አሮጊቷ በአንድ ድንኳን ስንት ልቅሶ ተቀምጠዋል። የዚያች ሴት ልጅ ወንድሟን ገድሏል፤ እሷም ለዚያች ሴት ባል ልቅሶ ንፍሮ ቀቅላለች።

«ይመዝገብ» አለች በመጨረሻ። «እናቱ ሲሞቱ ቀባሪ ማጣት የለባቸውም። እኔ ቤት ልቅሶ ከሆነ ግን እንዳይመጣ። ድንኳንም እንዳይተክል። ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍልኝ።»

ከዚህ በኋላ ጭቅጭቁ ስለ አጻጻፉ ሆነ። ጸሐፊያችን ሥርዓት ወዳድ ነው። እንዲህ ያለ ነገር መተዳደሪያ ደንቡ ላይ የለም አለ። አባል ግዴታ አለበት፣ ግዴታውን የማይወጣ ይቀጣል፣ አንቀጹ ግልጽ ነው። ታዲያ አንድ አባል ልቅሶ ቤት በመቅረቱ ይቀጣ ወይስ አይቀጣ? «ልዩ ሁኔታ» እንበለው አለ አንዱ። «በስምምነት ከአገልግሎት ነጻ» አለ ሌላው፤ እሱ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ነው። ሊቀመንበሩ ሰለቻቸው። «እሷ እንደተናገረችው ጻፈው፣ ቃል ሳትጨምር» አሉት። እንደተናገረችው ተጻፈ። ሰውየው ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ተጠርቶ መጣ፣ አነበበና ፈረመ። የመመዝገቢያውን ለገንዘብ ያዡ ቆጥሮ ሰጠ።

ጡሩምባ ነፊያችን ግን ሰውዬው ፈርሞ ሲወጣ እጁን አነሣ።

«እሷ ራሷ የሞተች ጊዜስ?» አለ። «እሱ ይመጣል ወይስ ይቀራል?»

«አፍህን ያዝ!» አሉት ሴቶቹ በአንድ ድምፅ። እሷ ብቻ ሳቀች።

ሊቀመንበሩ «እሱን ያኔ ያለ ይጨነቅበት» አሉና የተቀደደው ድንኳን ይጠገን ወይስ አዲስ ይገዛ ወደሚለው ገባን። እሱ ደግሞ እስከ ምሳ ድረስ አልተቋጨም።